ኮምጣጤውን ያሞገስኩ ዕለት

ለውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅስሻል? ማር በሎሚ አድርገሽ ጠጪ፤ ሐኪም ቤትም ነገ ዛሬ አትበይ። ለልብስ ሰፊው ባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የሰፋልኝ ሱሪ ወገቡ ላይ ጠበብ ብሎኛል፤ ጥፋቱ ግን የሱሪው አይደለም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ጠዋት ስነቃ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ ይኼ እንዴት ደስ እንደሚል አታውቅም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ያቺን መስመር ስንቴ እንዳነበብኳት። አባባን ስታስታምሚ ያለቀውን ወጣትነትሽን ማን ይመልስልሻል እያልኩ ስቆጭ ለኖርኩት ሰው ቀላል መስመር አይደለችም። ዛሬም የምጽፍልሽ በእሷ ምክንያት ነው።

የሥራ ቤቴን መቼም በወሬ ታውቂዋለሽ። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የክሊኒኩ ማቀዝቀዣ፣ የዳቦ ቤቱ ማሽን እንዳይቃጠል ቮልቴጁን የሚያስተካክለውን ሳጥን፣ ሬጉሌተር የምንለውን፣ እንሠራለን፤ የተበላሸውንም እንጠግናለን። መሐንዲሶቹ ሦስት ነን። አንዱን ትራንስ እንለዋለን፤ ትራንስፎርመር ያክላል፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንኳ ያጉረመርማል። ሁለተኛዋ ዳኛዋ ናት። ዕቃ ፈትሻ ያልፋል ወይም ይወድቃል ካለች አለቀ፤ ይግባኝ የለም። እኔ አፍንጫ ነኝ። የተቃጠለ ዕቃ ሲመጣ ክዳኑ ሳይፈታ አሸትተውና ጥቅል ሽቦው ነው፣ ወይም ሌላው ነው እላለሁ። ስቼ አላውቅም ነበር።

ዓርብ ከሰዓት አዲሶቹ ሬጉሌተሮች ለፈተና ኃይል ተለቆባቸው ይውላሉ፤ አጠገባቸው ሰው መቀመጥ አለበት። ፈተናው አልቆ ኃይሉ ሲቋረጥ ወይን ይቀዳል። ወይን ካልነው ነው እንጂ ከጥጉ ሱቅ በፕላስቲክ ጄሪካን የሚመጣ፣ ስምም ዕድሜም የሌለው ነገር ነው። ትራንስ ይኼን ወይን ራሱን በሬጉሌተር ማሳለፍ ነበር፣ አንዱ ብርጭቆ አያሞቅ፣ አንዱ አናት ይበጥሳል ይላል። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ወሬው ከቮልቴጅ ወደ ሆድ ይዞራል። ትራንስ የሐይቅ ዳር ልጅ ነው፤ ጣት የምታህል ዓሣ ከነአጥንቷ ዘይት ውስጥ ስትንጫጫ ያልሰማ ሰው በልቻለሁ አይበል ይላል። ዳኛዋ ተራራ ላይ ነው ያደገችው፤ ምግብ ማለት በዝግታ የበሰለ ባቄላ ነው፣ ዓሣ የሚበላው ሌላ ያጣ ነው ብላ ትፈርዳለች። እኔ ሁልጊዜ የአንቺን የምስር ሾርባ አነሳለሁ። ቲማቲሙን ቀድመሽ የምታቁላዪውን፣ ድስቱ ሥር የያዘውን እየፋቅን የተጣላንበትን። ከእኛ አንዳችንም ተሸንፈን አናውቅም፤ ለዚህ ነው ዓርብን የምንወደው።

አንድ ዓርብ ተራው የእኔ ሆኖ ሳጥኖቹን እጠብቅ ነበር። ከፊቴ ያለው መለኪያ መርፌው ንቅንቅ አላለም፤ እኔም በእሱ ተደስቼ ተቀምጫለሁ። ዳኛዋ ከወዲያኛው ክፍል እየሮጠች ገብታ ማጥፊያውን መታችው። ከጎኔ ያለው ሳጥን ውስጥ ጥቅል ሽቦው እየተቃጠለ፣ ሽታው ኮሪደሩን ሞልቶት ነበር። እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር፤ እኔ ግን ምንም አልሸተተኝም። ጉንፋን ነው አልኳቸው። ራሴም አመንኩት።

ከዚያ የኮምጣጤው ቀን መጣ። ባለሱቁ ጄሪካኑን ፀሐይ ላይ ረስቶት ኖሮ ወይኑ ጨርሶ ኮምጣጤ ሆኗል። ትራንስ ቀዳና ሦስታችንም አነሳን። ምላሴን ጎምዘዝ አድርጎኛል፤ ግን የእኛ ወይን መቼ ሳይጎመዝዝ ቀርቶ ያውቃል? ግማሹን ባንድ ትንፋሽ ጨልጬ፣ ዛሬስ ሰውዬው አክብሮናል፣ የዓመቱ ምርጥ ወይን ነው አልኩ። ትራንስ የቀለድኩ መስሎት በሳቅ እንባው ፈሰሰ። እኔም እሱን አይቼ ሳቅኩ፤ ደግሜም ቀዳሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም። አፏ ውስጥ ያለውን ብርጭቆው ውስጥ መልሳ፣ የእኔንም ከእጄ ተቀበለችና ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። ምሳ ላይ ጨው አብዝቼ ስነሰንስ እያየች ከጠረጠረች ቆይታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔስ አፍንጫዬ ሆነ።

ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷ ናት። ዶክተሩ ትንንሽ ብልቃጦች አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ ነበሩ አሉ፤ ለእኔ ሁሉም ባዶ ብልቃጥ ነበሩ። ከዚያ ሦስት ቃላት ነገረኝ፤ ስለ ሥራዬ ጥቂት አጫወተኝና እስቲ ቃላቱን መልሳቸው አለኝ። ቁልፍ የምትለዋን አገኘኋት። ቁልፍ ካለ በር አይጠፋም ብዬ በር አልኩ። በር አልነበረበትም። የጭንቅላት ፎቶም ተነሣሁ። በቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ ሲለኝ የአባባን የመርሳት ሕመም ነገርኩት፤ ብዕሩን አስቀመጠ። ሳይሸፋፍን የሚያድን ነገር እንደሌለ ነገረኝ። መድኃኒት ጻፈልኝ፤ ጥቂት ጊዜ ቢገዛልህ ነው አለ።

የአባባ እንዴት እንደጀመረ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። ያረረውን ሾርባ ጥርግ አድርጎ በልቶ እጅሽን ይባርከው ሲልሽ፣ እንዳላፍር ብሎ ነው ብለሽ ጓዳ ገብተሽ አለቀስሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መጻፍ አልችልም። በእማማ ስም ሲጠራሽ፣ ባንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ ወጥቶ ሰፈር ለሰፈር ስትፈልጊው፣ ያ ሊያገባሽ የጠየቀሽ ሰው ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ሲያገባ፣ እኔ ለእረፍት ብቅ እያልኩ ጉንጭሽን ስሜ እመለስ ነበር።

በሥራ ቦታ ከሁሉ የከበደኝን ልንገርሽ? ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ምግብ ማውራት ተዉ። ዓርብ ይመጣል፣ ጄሪካኑም ይመጣል፤ ወሬው ሬጉሌተር ብቻ ነው። ትራንስ የድሮው ከባዱ ይሻላል፣ የተረፈውን ኃይል ሙቀት አድርጎ ያወጣዋል፣ ብርድ ሲሆን እጅ ይሞቅበታል ይላል። ዳኛዋ እጅህን ማሞቅ ከፈለግህ ምድጃ ግዛ ትለዋለች። ያስቃሉ፣ ግን አፋቸው ላይ ዘብ እንዳቆሙ ይታወቃል። በቀደም ስለ ዓሣህ አጫውተን እንጂ አልኩት። ዘይቱ ሲግል ብሎ ጀመረና መሐል ላይ ተነሣ። ያን የሚያህል ሰውዬ መነጽሬን ልጥረግ ብሎ ወጣ፤ ሳይመለስ ዋለ።

የማይቀርልህን እንግዳ አጥብቀህ ሳመው ይባላል። አልሳምኩትም፤ አልጋ ግን አዘጋጅቼለታለሁ። እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚጠበቁበት ቤት አለ፤ ከዳኛዋ ጋር ሄጄ አየሁት። ክፍሉ አልጋና ቁም ሣጥን፣ ልብስ ወደሚሰጣበት ግቢ የሚያይ መስኮትም አለው። አምፖሉ ይርገበገባል። ቮልቴጃችሁ ይዋዥቃል፣ ሬጉሌተር ያስፈልጋችኋል ብላት ኃላፊዋ፣ እንግዲህ ሲገቡ ያዩልናል አለችኝ። ፈርሜያለሁ። ወሩ ሲያልቅ ከሥራ እወጣለሁ። ለመሆኑ ያ ሳል ለቀቀሽ? ጤናሽን እንኳ ሳልጠይቅ ዘው ብዬ ወደ ራሴ ጣጣ ገባሁ፤ ይቅር በይኝ። ማር በሎሚ አድርገሽ ጠጪ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እትዬ፣ አትምጪ።

አውቅሻለሁ፤ ይኼን እያነበብሽ ዓይንሽ ሻንጣው ላይ ነው። ተዪው። ለሰው የተሰጠው አንድ ዕድሜ ነው፤ የአንቺን ግማሹን አባባ ወስዶታል። የቀረውን እኔ ብወስደው ከሌባ በምን እለያለሁ? ስሚኝ። ቀኑ ሲደርስ እኔው ራሴ እጽፍልሻለሁ፤ ካቃተኝም ሰው ለምኜ አስጽፋለሁ። ድረሺልኝ፣ ጥለውኛል፣ ዘግተውብኛል እልሻለሁ። እለምንሻለሁ። እረግምሽም ይሆናል። ያንን ደብዳቤ እንዳታምኚው፤ የጻፈው እኔ አልሆንም። ወንድምሽ አእምሮው በእጁ ሳለ የጻፈው ይኼኛውን ነው። ፈርቻለሁ፣ እትዬ። ከአንቺ ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ቃሌ ግን ይኼው ነው።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ እንቅልፍሽን የጣፈጠ ያድርገው። ባልሽን ያቆይልሽ፤ መርፌው አይጥፋበት፣ ዓይኑ አይድከምበት። ያሳደገኝ እጅሽ አይንቀጥቀጥ።

ቤቱ የት እንደሆነ ለማወቅ ያህል ብቻ፦ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የሚነሣው አውቶቡስ በሩ ላይ ያቆማል። ጠያቂ የሚገባው ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ነው። ደወሉ ደካማ ስለሆነ ረዘም አድርጎ መጫን ነው። መጀመሪያ የሰጡኝ ክፍል ፎቅ ላይ ነበር፤ ጉልበትሽ ደረጃ ስለማይወድ ለምኜ ወደ ምድር ቤት አስቀየርኩት።

ታናሽ ወንድምሽ