የሆቫዞሩ አባ ዛቬን፣ ሁለተኛ ምስክር ያጡት

አባ ዛቬን በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በአርመን አገር ሆቫዞር በምትባል ተራራማ መንደር፣ ከአባታቸው ከጫማ ሰፊው ካራፔት ተወለዱ። የእናታቸው ስም እዚህ አልተጻፈም። መንደርተኛው ሁሉ «ሙሽራዋ» ይላቸው ስለነበር አባ በልጅነታቸው ሌላ ስም አልሰሙም፤ የማላውቀውን አልናገርም እንዳሉ ኖሩ። እኔ የክርስትና ልጃቸው ፅጌረዳ ኦኒክ ይህን የምጽፈው እያዘንኩም እየፈራሁም ነው። ያልተጣራ ነገር ሲጻፍ አይወዱም ነበር።

በ1907 ዓ.ም. ወታደሮች መንደሯን ሲያጠፏት፣ እሳቸው እስከሚያውቁት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የተረፉት የሰባት ዓመቱ ልጅ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰው ከሰው እየተቀባበላቸው ኢየሩሳሌም ደረሱ፤ በዚያው ባለው የአርመን ገዳም ተምረው መነኮሱ። በ1939 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያሉትን አርመኖች ለማገልገል ወደ አገራችን መጡ። በ1960 ዓ.ም. በፈረንጅ ወግ «ሙሴ» የሚባሉት አርመኑ ባለወፍጮ አባቴ ኦኒክ ሲሞቱ ሊቀብሩ አሰላ መጥተው፣ እናቴ ወይዘሮ አባይነሽ ከወፍጮው ጀርባ ያለችውን ክፍል ቢሰጧቸው በዚያው ቀሩ። የሕዝባቸውን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ እየጻፉ ነበርና ጸጥታ እፈልጋለሁ አሉ። ከወፍጮ ሥር ጸጥታ! እናቴ ይህን ሲያነሱ ዛሬም ይስቃሉ።

ሲጽፉ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሁለት ሰው ያልመሰከረለት ነገር መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። ነገሥታቱም ሊቃውንቱም በዚህ ሕግ ገቡ። ሆቫዞር ግን ውጭ ቀረች። ያዩት እሳቸው፣ የሚጽፉትም እሳቸው። እባክዎ ይጻፏት ብለን ስንለምናቸው፣ ለሌላው የከለከልኩትን ለራሴ ከፈቀድኩ ሥራዬ ሁሉ ተረት ይሆናል ይሉን ነበር። በየአገሩ ወዳሉ አርመኖች እየጻፉ ጠየቁ። የሚያውቃት ጠፋ።

በ1964 ዓ.ም. የእህል ነጋዴው አቶ ሀሰኖ ይህን የአባን ፍለጋ አቦምሳ ጎማ ለሚጠግኑት ሙሴ አርሻክ ለተባሉ አርመን ቢያወሩላቸው፣ «የሆቫዞር ልጅ እኮ ነኝ!» አሉ። አባ ወሬው እንደደረሳቸው በእህል መኪና ተነሱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የአባቴን ቋንቋ ማንበብ ባልችልም እሰማለሁ። አባ ስለ ወንዙም ስለ ድልድዩም ሲያነሱ ሙሴ አርሻክ አዎ፣ አዎ ይላሉ። የአባ ፊት በራ፤ ለካ እንዲህም መሳቅ ያውቃሉ አልኩ። ግን ሊቅ ናቸውና ፈተኗቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ደወሎች ትዝ ይሉዎታል? ሲሏቸው፣ እንዴታ! አሉ። ሆቫዞር ደወል አልነበራትም። ምእመናን የሚጠሩት እንጨት እየተመታ ነበር። አባ ቀስ ብለው ተነሱና ወደ መኪናው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆኑም። መጽሐፉን በ1965 ዓ.ም. ጨረሱት፤ ሆቫዞር የለችበትም። አሳታሚ ሳያገኝ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ አሰላ ላይ አርመንኛውን የሚያነበው አንድ ሰው እንኳ የለም። ምን ዋጋ አለው? የሳንባ ሕመማቸው ጠንቶባቸው የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። አዲስ አበባ አድማ ሆኖ መኪና በመጥፋቱ በቋንቋቸው የሚፈታቸው ካህን አልደረሰላቸውም።

ሙሴ አርሻክ ግን ደረሱ። አስከሬኑ አጠገብ ቆመው አባታችን ሆይን በአርመንኛ ደገሙ፤ ሌላ ጸሎት አያውቁም። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው፣ ሕፃን ሆነው ከመንገድ ስለተነሡ የየት አገር ሰው እንደሆኑ እንደማያውቁ ነገሩኝ። «እኔን የሚፈልገኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ ፈላጊ ያለው ሰው ልሁን ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ልጄ፣ ወንድሙ ብለሽ ጻፊኝ» ብለው አለቀሱ። አባ ቢሰሙኝ በተቆጡኝ! ምን ላድርግ ታዲያ፤ እውነተኛው ምስክር እንደሆነ አልመጣም፤ ሰውስ ያለ አንድ ወገን እንዴት ይቀበራል?

አባ ዛቬን ወይዘሮ አባይነሽን፣ እኔን የክርስትና ልጃቸውንና ወንድማቸውን ሙሴ አርሻክን ትተው ሄደዋል። ያለ ምስክር ሁሉን የሚያውቅ እግዚአብሔር እናታቸውን በስማቸው ጠርቶ ያገናኛቸው። አሜን።