እስር ቤት የሌለው የእስር ቤት ሹም

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ዝናብ። ለመጽሔቱ የምጽፈው የሜይ ዓምድ ግማሹ አልቋል፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የፓይ ጋገራ ውድድር ነው። ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን ማን እንዳኮረፈ… ሰው የሚያነበው እሱን ነው።

ከምሳ በኋላ የወንድሜ የደልበርት ጎረቤት ዊልማ ደወለች።

«ቬርና፣ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ወንድምሽን ትናንት የሸሪፉ ሰዎች ወሰዱት።»

ያ የአምናው ጣጣ ነው፤ ያለ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ የተያዘው። ቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ቀረ፣ ይኸው መጡለት። ትንሽ ሳቅሁ እንኳን። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ዛሬም ጎረምሳ!

ልብስ ላመጣለት ቤቱ ሄድኩ። የሚጥል በሽታው ክኒን ከነብልቃጡ የማድቤቱ መስኮት ላይ ቁጭ ብሏል። ሳቄ እዚያው ቀረ። ጥቂት ቀን ከዘለለው ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

የእኛ ካውንቲ እስር ቤት የለውም። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ተዘጋ። የእስር ቤት ሹም ግን በየአራት ዓመቱ እንመርጣለን። ኬንታኪ ነው እንግዲህ፣ ሕጉ ምረጡ ይላል፣ እንመርጣለን። ሹማችን ኮይ ስቲድሃም ነው። ሥራው የተያዘ ሰው በቫን ጭኖ አልጋ የተገኘበት ጎረቤት ካውንቲ ማድረስ፣ በቀጠሮው ቀን መልሶ ማምጣት። በቃ። እኔም ድምፄን ሰጥቼዋለሁ፤ የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሸሪፉ ቢሮ ደወልኩ።

«ያዝነው፣ ለኮይ አስረከብነው።»

«ኮይስ የት ወሰደው?»

«እሱን ኮይን ነዋ!»

የኮይ ስልክ ዝግ። ሚስቱ ናዲን አነሳች፣ «ጫካ ነው። የዱር ተርኪ ወፍ አደን ተከፈተ እኮ።»

«ስልኩስ?»

«ያጠፋዋል። ወፎቹ ይደነግጡበታል።»

ወፎቹ ይደነግጡበታል!

ኮምፒውተሩ ላይ ተጣድኩ። አምስት ጎረቤት ካውንቲ፣ የእስረኛ ስም የሚያወጡበት አምስት ዓይነት ገጽ። አንዱ ፎቶ አለው፣ ስም የለውም። አንዱ የእስረኛውን ቁጥር አስገቢ ይለኛል… ቁጥሩን ከየት አባቴ ላመጣው? አንዱን ከገና ወዲህ የነካው የለም። ደልበርት የትም የለም። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችንን አማች ግን አየሁት፣ ከንፈሩ አብጦ። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ለዊልማ ብቻ ነው የነገርኳት።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

ፍርድ ቤት። ተራዬ እስኪደርስ ቆሜ ቆሜ… ለካ የመኪና ታርጋ ወረፋ ነው። «የክስ መዝገብ ፎቅ ነው» አለችኝ ልጅቷ፣ ማስቲካዋን እያኘከች። አሳንሰሩ አይሠራም። ጉልበቴ!

መዝገብ ቤቱን የያዙት ሚስ ኦፓል ናቸው። እኔ ልጅ ሆኜም እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ።

«አለ» አሉኝ፣ ፋይሉን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። ልቤ ቦታዋ ተመለሰች። «ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለው።»

«ተመስገን። ታዲያ የት ነው ያለው?»

«የኔ ሆድ፣ እኔ ጋ ያለው ክሱ ነው። ሰውየውን አላስቀምጥም።»

«ሚስ ኦፓል፣ መድኃኒቱን ካልዋጠ ይጥለዋል እኮ!»

መነጽራቸውን አወለቁ። አዘኑልኝ፣ አይቻለሁ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ለኮይ ደወልሽ?»

ከሰዓት አምስቱም እስር ቤት ደወልኩ። ሁለቱ የለም አሉ። አንዱ ሙዚቃ ብቻ። አንዱ «ገጻችን ላይ ይመልከቱ» ብሎ ዘጋ። ሞርዳን ካውንቲ የጎረምሳ ድምፅ አነሳ፣ «ገጹ ላይ ከሌለ የለም፣ እማማ።» እማማ!

ነገስ ማን ያመጣዋል? ኮይ አሁንም ጫካ ነው…

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

ንዴቴ አልበረደም።

ችሎት ላይ ስሙ ተጠራ። ደግሞ ተጠራ። ዳኛዋ ከመዝገቡ ቀና ሳይሉ፣ «ሲቀር ሁለተኛው ነው። ተይዞ ይቅረብ፣ ዋስትናም የለውም» አሉ።

መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። «ክብርት ዳኛ፣ ተይዟል እኮ!»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«እህቱ።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

«እኔን ይጠይቁኛል? ያሰራችሁት እናንተ!»

ከኋላ ሳቅ። ፖሊሱ ተጠጋኝ። ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፍ አደረግሁት። «ከተያዘ ጀምሮ ይህን አልዋጠም። ካልዋጠ ይወድቃል።»

ሳቁ ቆመ። ዳኛዋ ሰው ልከው ኮይን ከጫካ አስጎተቱት። የአደን ልብሱን እንደለበሰ፣ ፊቱን አረንጓዴ ቀብቶ ገባ። ቁጥቋጦ ችሎት ሲቀርብ አይቼ አላውቅም።

«ሞርዳን ነው ያለው» አለ። «ሃስኬት ካውንቲ አልጋ ሞልቶባቸው።»

«ይሄ የት ተጽፏል?»

«እዚህ» አለ፣ ግንባሩን እየነካ። ጣቱ አረንጓዴ ሆነ።

«ዛሬ ለምን አላመጣኸውም?»

«ዛሬ ረቡዕ መስሎኝ።»

የመያዣው ትዕዛዝ ተነሳ። ኮይ አሁኑኑ እንዲያመጣው ተባለ። እኔም ቫኑ ውስጥ ገባሁ፣ ማንም ነይ ግቢ አላለኝም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ትናንት መጨረስ አቃተኝ።

መንገድ ላይ ነው ኮይ የነገረኝ። ሞርዳን ገጻቸው ላይ የሚያወጡት ራሳቸው የያዙትን ብቻ ነው። ከሌላ ካውንቲ የመጣ እንግዳ ነው፣ አይወጣም። «ይሄን ሁሉም ያውቃል» አለ። ሁሉም ማን ነው? አንተና ወፎቹ?

ደልበርትን አወጡት። ግራ ቅንድቡ ተሰፍቷል። ምላሱ አብጧል። ረቡዕ ጥሎት ከላይኛው አልጋ ወድቋል። እኔ ለዚያ ጎረምሳ በስልክ ስጮህ፣ ወንድሜ ከግድግዳው ወዲያ ነበር።

«ነግሬያቸው ነበር፣ እትዬ። ‹መድኃኒትህን ያገርህ ሹም ያምጣልህ› አሉኝ።»

ኮይ ሰማ። የቫኑን በር ራሱ ከፈተለት። እኔም ክኒኑን እዚያው አዋጥኩት።

ዳኛዋ ቅንድቡን አይተው ዋስ ሳይጠይቁ ለቀቁት።

እሁድ፣ ሜይ 4

ደልበርት ከኋላ ያለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ብቻውን ቤቱ አልሰደውም። ባቄላዬን ጨው በዛበት ይላል። ናዲን ኮይ የገደለውን ተርኪ አጭሳ ላከች። ደልበርት ገልጦ እንኳን ሳያየው ለውሻው ጣለለት። ከውሻው ቀድሜ ጥቂት ቀምሻለሁ… ጥሩ ነበር፣ ያናድዳል።

ዓምዱን ስለዚህ ጻፍኩት። አዘጋጁ «ፓዩ ይሻል ነበር» እያለ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አያርፍም። «የታሰረ ሰው የምታገኚው አንቺ ነሽ?» ይሉኛል። ኮይ እንደሆነ ያው ነው፣ የሰው ሁሉ መዝገብ እዚያው ግንባሩ ውስጥ።

ዛሬም ምሳ ላይ ጮኸ። የማላውቃት ሴት፣ ከወንዙ ማዶ። ልጇን ትናንት ይዘውባታል፤ ታለቅሳለች። እኔ መጮህ ጀመርኩ፣ «ገጹን ተይው! ሞርዳን ደውይና ‹ኮይ ትናንት ማንን አመጣ?› በያቸው! ስም አንነግርም ካሉሽ፣ አንቺ…»

ደልበርት ሹካውን አስቀመጠ። ተነስቶ መጣና ስልኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደው።

«እናቴ፣» አላት፣ «እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ይንገሩኝ፣ ልጅዎ የሚወስደው መድኃኒት አለ?»