የኔታ እህል እንቢ ያሉበት ሳምንት

ሰኞ፤ የዐቢይ ጾም አራተኛው፣ የመፃጉዕ ሳምንት

ዘመን ለማያስረጀው አምላክ ምስጋና ይሁን። የኔታ ዛሬም እህል አልቀመሱም። የድጓ መምህሬ ናቸው፤ ዐይናቸው ከጠፋ፣ ልጆቻቸውም ካለፉ ወዲህ ኮልፌ እኔ ቤት ይጦራሉ። ከቅዳሴ መልስ ባለቤቴ አስካለ አጥሚቱን አቅጥና በኩባያ አቀረበች፤ ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ነፋሱን ፈርተን ብንዘጋው፣ «ክፈቱት!» ብለው ተቆጡ። ማታ ከንፈራቸውን በውሃ ብቻ አርሰው ተኙ።

ቅዳሜ ዕለት ጣልያኖች፣ «ለሽፍቶች ምልክት ትሰጣላችሁ» ብለው የደብራችንን ደወል አውርደው ወሰዱ። ቅዳሴው አሁን ያለ ደወል ይፈጸማል። ይህን ከየኔታ ሸሽገናል፤ ሐዘን ለሽማግሌ መርዝ ነውና።

ማክሰኞ

ጉንጫቸው ጎደጎደ። ጎናቸው እንዳይቆስል ስናገላብጣቸው እንደ ገለባ ቀለሉን። አስካለ፣ «መጽሐፍ ብቻ ከሚገልጡ ጠጋ ብለው ያናግሯቸው እንጂ!» ብላ ወረፈችኝ።

«የኔታ፣ ምን አመመዎት?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አይበሉም?»

«መብል ሥርዓት አለው።»

ለሞት የሚሰናዱ መሰለኝ። ነገ የንስሐ አባታቸውን አስጠራለሁ።

ረቡዕ

አገኘሁት! ጎረቤታችን ማረሻውን በመዶሻ ሲያቃና ብረቱ ጮኸ። የኔታ ከትራሳቸው ቀና ብለው እጃቸውን ለመታጠብ ዘረጉ፤ ድምፁን አዳምጠው ግን መልሰው ሰበሰቡ። ደወል! ቀንና ሌሊቱ ለተደባለቀባቸው ዐይነ ስውር፣ ሰዓቱም ፀሐዩም የቅዳሴ ማብቂያ ደወል ኖሯል። በጾም እርሱ ሳይሰማ የቀረበላቸውን ማዕድ እንዴት ይቀበሉ?

አስካለ፣ «እኛም ብረት እንምታላቸዋ!» አለች በደስታ። ሐሳቧ ፈተነኝ። ነገር ግን የዚያን ያህል ደቀ መዝሙር ዜማ ያረመ ጆሮ በመዶሻ አይታለልም፤ መምህሬንም አልዋሽም። እግራቸው ሥር ተቀምጬ እውነቱን ነገርኋቸው።

እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ፈጀኋቸው ብዬ ደነገጥሁ።

«አንተ!» አሉ ድንገት። «ጠላት ደወሌን ወሰደ፤ አንተ ደግሞ ምሳዬን! አዝናችሁልኝ ጾሜን የምታስገድፉኝ መስሎኝ ነበር እኮ። አጥሚቱ የታለ?»

«ቀዝቅዟል የኔታ፤ ላሙቅልዎት?» አለች አስካለ።

«ከዚህ በላይ ልጠብቅልሽ?»

ጨለጡት! ደግሞም ጨመሩ!

ዐርብ

አዲስ ሥርዓት ተሠራ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከደጃፍ ሆኜ፣ «የኔታ፣ ቅዳሴው ተፈጽሟል!» እላለሁ፤ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ አስካለ ታስታጥባቸዋለች። የሰፈሩንም ወሬ፣ ክፉውንም ደጉንም፣ አልሸሽግም።

ዛሬ ግን አልተቀበሉኝም። «ድምፅህ ሰለለ። ደወል እንዲህ ይጮኻል? ድገመው።» በሽምግልናዬ እንደ ተማሪ ደገምሁት፤ አስካለ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

እየበሉ ሳለ፣ «ይመልሱት ይሆን?» አሉኝ።

«እንጃ፣ የኔታ።»

«እስኪመለስ አንተ ጩኽ።»

ይህን የምታነብ ሆይ፣ ማዕድህ ይባረክ፤ ከቤትህም የሚጦር አዛውንት፣ የሚያዳምጠውም ጆሮ አይታጣ። አሜን።