«ምንም አልተገኘም» ስለተባለው እርሻችን

ለተከበሩ የነፋስ ኃይል ድርጅት የቅርስ ጥናት ክፍል ኃላፊ
መሃል ከተማ፣ ናይሮቢ

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መስታወት የጠራ፣ እግርዎም ዘወትር ከጭቃ የተጠበቀ ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ከንጎንግ ኮረብታ ጀርባ ባለው እርሻዬ ላይ አራተኛው የነፋስ ተርባይን የሚተከልብኝ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብ የለመድኩ፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። መሬቱ ከመቆፈሩ በፊት የጥንት መቃብርና ቅርስ ይኖርበት እንደሆነ ለማወቅ ያስጠኑትን ዘገባ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ምንም አልተገኘም» ይላል። ስለ ልፋትዎ እያመሰገንኩ፣ ያልገባኝን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩. ባለሙያዎችዎ የመጡት በቆሎው ከሰው ቁመት ባለፈበት ወር ነው። መሬት ላይ ያለን ነገር ለመፈለግ መሬቱ የማይታይበትን ጊዜ መምረጥ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ወይስ እንዳይታይ ተፈልጎ ይሆን?

፪. የቆዩት አርባ ደቂቃ ነው፤ አብዛኛውንም በዶሮ ቤቴ ጥላ ሥር አሳለፉ። የድንጋይ ግድግዳውን ተደግፈው «የቆየ ድንጋይ አልታየም» ብለው ጻፉ።

፫. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ተርባይኑ በሚቆምበት ቦታ የድንጋይ ክምር ነበር። በተወለድኩበት በኤርትራ፣ በሰገነይቲ ገበሬ ማሳውን ሲያጸዳ ድንጋዩን ይከምራል፤ እኔም ያው መስሎኝ፣ ባለቤቴን ነዝንዤ በድንጋዩ ዶሮ ቤት አሠራሁ። በሳምንቱ ጎረቤታችን የማሳይ ሽማግሌ መጥተው፣ ባዶው ቦታ ላይ አንዲት ድንጋይ አኑረው ሄዱ። ባለቤቴ ተከትሎ ቢጠይቃቸው፣ ለካ መቃብር ኖሯል፤ ክምሩም በዚያ ያለፈ ሁሉ ለሟቹ ክብር ድንጋይ እያኖረ ያደገ ነው። ባለቤቴ እንመልስ አለኝ፤ እኔ ዶሮዎቹ የት ይደሩ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ።

ስለዚህ በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ሽማግሌውን ይዛችሁ መሬቱን እንደገና እንድታዩ፣ እስከዚያም እንዳትቆፍሩ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ ዶሮ ቤቱን ማፍረስ ጀምሬአለሁ፤ እስካሁን ስልሳ ሁለት ድንጋይ መልሻለሁ። ማሽናችሁ እንደተባለው ሰኞ ከመጣ፣ ክምሩ ላይ ተቀምጬ ታገኙኛላችሁ።

የብዕራችሁን ፍጥነት ሳደንቅ የምኖር፣
ምሉእ ተስፋኣለም

ማስታወሻ፦ በዘገባው መጨረሻ ቃላቸውን ሰጡ ከተባሉት ነዋሪዎች አንዱ ባለቤቴ አቶ ገብረንጉስ ነው፤ «እዚህ ድንጋይ ኖሮ አያውቅም» ማለቱም ተጽፏል። እናንተ ከመምጣታችሁ ስድስት ዓመት በፊት አርፏል። በእርግጥ የምታገኙት ከሆነ፣ ድንጋዮቹን እየመለስኩ መሆኔን ንገሩልኝ።