የተመለሰው ማሾ

ኮምቦልቻ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ውድ ሀፊዝ፣

ሁለቱም ዓይኖችህ በፋሻ ታሽገዋል ብለውኛል። እንግዲህ ይህን የምታነብልህ ሚስትህ ናት። ጣይባ እህቴ፣ በአላህ ይሁንብሽ አንድም ቃል አትዝለይበት። መሀል ላይ ስትደርሺ ወረቀቱን መቅደድ ያምርሻል። ቅደጂው፣ መብትሽ ነው፤ ግን መጀመሪያ ጨርሰሽ አንብቢለት።

ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር፣ ረቡዕና ዓርብ። ሁለቱንም ጊዜ ወንድምህ ጀማሉዲን በር ላይ ቆሞ "ሰው አላናግርም ብሏል፣ አይክፋህ፣ ይስማው" አለኝ። ከዚያ አቅፎኝ አለቀሰ። እኔን አቅፎ! "ያ ደሳለው የሚባል ገበሬ እስኪፈታ ነው የምጠብቀው፤ ወላሂ ዓይኑን ሳላወጣ አልመለስም" አለኝ ጆሮዬ ስር። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? "አብሽር" አልኩት። ምላሴን ይቁረጠው!

"ሰው አላናግርም" ያልከው እኔን አላናግርም ለማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ልክ ነህ። ግን አንተ ዝም ስትል እዚህ ሰው ሊያልቅ ነው፣ ስለዚህ ባትወድም ትሰማኛለህ።

ጣይባ ግማሹን ስለማታውቅ ከሥሩ ልጀምር። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ ባልሽ "የማሾ አምባሳደር" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የካሉ ወረዳን ማሾ ለውጭ ገዢ ሳስተዋውቅ ኖርኩ። ናሙናውን በትንንሽ ከረጢት ቋጥሬ በየኤግዚቢሽኑ ተንከራተትኩ፣ በራሪ ወረቀት አሳተምኩ፣ ለማላውቀው አገር ሰው ደብዳቤ ስጽፍ ጣቴ ዛለ። ገዢዎቹ በመጨረሻ ኮምቦልቻ ድረስ የመጡ ቀን ከሀፊዝ መጋዘን የተሻለ የማሳያቸው አልነበረኝም። ከገዢዎቹ አንዱ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ፣ በር ላይ ወጥቶ በፀሐይ አየውና አምስት ኮንቴይነር እወስዳለሁ አለ። ያን ቀን እኔና አንተ እንደ ሕፃን ነበር የዘለልነው ሀፊዝ። ደግሞ ማሾ ማለት እንደ ሽንብራ አይደለም፣ የኛ ሰው አይበላውም። ገበሬው የሚዘራው ባሕር ይሻገርልኛል ብሎ ነው፤ ካልተሻገረ የአንድ ዓመት ልፋቱ ገደል ገባ ማለት ነው።

አንተ ዘንድ ተለቅሞ የተዘጋጀው ለአራት ኮንቴይነር ብቻ ነበር። የንግድ ቢሮው አለቃዬ አቶ ደምለው ደግሞ ጠረጴዛውን እየደበደበ "የሩብ ዓመቱ ዕቅድ አምስት ነው የሚለው! አራት ብለህ ሪፖርት ይዘህብኝ እንዳትመጣ!" ይለኛል። አንተ "አስር ቀን ስጡኝ፣ ገበሬው አጭዶ ያስገባ" አልክ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩህ። የአምስተኛውን ጆንያ ከነጋዴው ከሐጂ መሕሙድ መጋዘን አስጭኜ ያመጣሁብህ እኔ ነኝ። "ወግተህ አይተኸዋል?" ብለህ ጠየቅከኝ። "አዎ" አልኩህ።

አልወጋሁትም ሀፊዝ።

ያን ሹል ብረት ይዤ ሄጄ ነበር፣ ጆንያ ሆድ ውስጥ እየሰደድን ናሙና የምናወጣበትን። ሐጂ መሕሙድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ወላሂ የዘንድሮ ነው ልጄ" አሉኝ። አባቴ በላቸው ሲሞት ድንኳን ያስተከሉት እኚህ ሰው ናቸው። የማለ ሽማግሌ ጆንያ ፊቱ ቆሜ ልወጋ? በኛ አገር እኮ ይህ ሽማግሌ በጥፊ ከመምታት አይተናነስም! ብረቱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ የጥራት ማረጋገጫው ላይ ፈረምኩ። እሳቸውም ለማታለል አልነበረም፤ ሠራተኞቻቸው የዓምናውን ከዘንድሮው አብረው እንደከመሩት አያውቁም ነበር። እሳቸው ሳያዩ ማሉ፣ እኔ ሳላይ ፈረምኩ። ጆንያው በአንተ ስም ሄደ።

ወደቡ ላይ ያንን አምስተኛውን ሲከፍቱት ነቀዝ ፈላበት። አራቱንም አብረው መለሱት፣ ውሉንም ሰረዙት። የቀረውን ማሾም የሚገዛው ጠፋ፤ ገበሬዎቹም ብራቸውን ሳያገኙ ቀሩ።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ገበሬዎቹ መጋዘንህን እንደከበቡት ተሰማ። አቶ ደምለው እሱ ከቢሮው ሳይነቃነቅ "ሂድና አረጋጋቸው፣ የቀረውንም ጆንያ ናሙና ውሰድ" ብሎ ላከኝ። ብረቱን ይዤ ደረስኩ። በሩን ገንጥለው ገብተዋል። ጆንያውን በማጭድ እየዘረገፉት ማሾው ወለሉን ሞልቶታል፣ ሰው እየተንሸራተተ እርስ በርሱ ይረጋገጣል። የጭነት መኪናውን ሹፌር ከጋቢና ጎትተው አውርደው ጥርሱን አርግፈውታል፤ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ጎማ ሥር ተወሽቋል። አንዱ ሚዛኑን በመጥረቢያ ይፈልጣል። "ልጆቼን ምን ላብላቸው! ነቀዝ ላብላቸው?" እያለ ይጮሃል። አንተ ጥጉ ላይ ቆመህ፣ ላብ አጥምቆህ፣ "ወገኖቼ ስሙኝማ! በአላህ ስሙኝ!" ትላለህ። ማንም አይሰማህም።

ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ። "ማነው መርምሮ ያሳለፈው? ወረቀቱ ላይ የማን ፊርማ ነው ያለው?"

አንድ ድንጋይ መጥቶ ትከሻዬን መታኝ። አንተ ዞረህ አየኸኝ። አፍህን ስትከፍት አየሁ። ስሜን ልትጠራ ነው አልኩ በልቤ። እስከ ዛሬ ምን ልትል እንደነበር አላውቅም፤ እንዳውቅህ ከሆነ "ውጣ፣ አምልጥ" ልትለኝ ነበር። ሳትናገር ቀደምኩህ። "እሱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እሱ ነው የቀላቀለው! እኛን አታሎ ነው!"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እጄም አብሮ ተነሳ። ጣይባ፣ እዚህ ጋ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ። መጀመሪያ የመታው ከገበሬዎቹ አንዱም አይደለም። እኔ ነኝ። በዚያ ብረት ፊቱን መታሁት፣ ደገምኩት። በሁለተኛው ምት የብረቱ ጫፍ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዓይኑን አልነበረም ያለምኩት ብል ደስ ባለኝ፤ ፊቱን ነበር ያለምኩት፣ ዓይን ደግሞ ፊት ላይ ነው ያለው። ስስበው የተሰማኝን ድምፅ አልጽፈውም። "ይስማው" አልክ ሀፊዝ፤ ጮኸህ አይደለም፣ ሰው ቤት እንደሚጣራ ዝቅ አድርገህ። ከዚያ ዱላው ከየአቅጣጫው ወረደብህ። እኔ በሰው እግር መሀል ሾልኬ ወጣሁና ከአጥሩ ኋላ ተደብቄ አየሁ።

አንተን ማን እንዳዳነህ ነግረውሃል? ደሳለው ነው። ማሾው ሁሉ አንተ ጋ የነበረው፣ ከሁሉም ይልቅ ሊገድልህ ይገባው የነበረው ደሳለው! ዱላውን ጥሎ ላይህ ላይ ተጋደመ። "ሙስሊምም ክርስቲያንም ናችሁ፣ ሰው ትገድላላችሁ?" እያለ ጀርባውን ሰጣቸው። ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል። ከዚያ አዝሎህ አስፋልት ድረስ ሮጠ፣ ባጃጅ አስቁሞ ጫነህ። ፖሊስ ሲደርስ ጋቢው በደምህ ተነክሮ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ተበትኖ፣ እሱ ብቻ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ያለከልካል። ደም ያለበት እሱ ብቻ ስለሆነ እሱን ያዙት፤ ያየው ሁሉ ራሱም የመታ ስለሆነ የሚመሰክር ጠፋ።

ቅዳሜ ጣቢያ ሄድኩ። ፈሪ ነኝ፣ አምስት ቀን ፈጀብኝ፤ ግን ሄድኩ። "የመታሁት እኔ ነኝ" አልኩ። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ በሐዘኔታ አየኝ። "አንተ የጡት ወንድሙ ነህ አይደል?"

"ነኝ።"

"ደም ለማብረድ ብለህ ነው። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ ወንድሜ፣ ይገባኛል። የተጎዳው ራሱ ማን እንደመታኝ አላየሁም ብሎ ፈርሟል፤ አንተን ቢያይ ያጣህ ነበር?"

ብረቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አየውና የቢሯችንን ቁጥር አነበበ። "ይሄማ የመንግሥት ንብረት ነው፣ መልስ" ብሎ በእጄ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተህ ታውቃለህ? ሰው ወንጀሉን ተሸክሞ ሄዶ የሚቀበለው ያጣል?

እሑድ ደም አስታራቂው አበጋር ቤት ሄድኩ፣ ሼህ በሺር ዘንድ። የስንቱን ደም ያደረቁ ሰው እውነትና ውሸት ይለያሉ ብዬ ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉን ነገርኳቸው። አነሱኝና ግንባሬን ሳሙኝ። "እናትህ አረጋሽ ወንድ ወልዳለች" አሉኝ። "ሁለት ቤት እንዳይተላለቅ ራሱን የሚሰጥ ልጅ! አላህ ይቀበልህ።" "አባባ፣ እውነቴን እኮ ነው!" ብላቸው "እናውቃለን ልጄ፣ እናውቃለን" እያሉ በር ድረስ ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬው እስከ ትናንቱ የሰኞ ገበያ ደርሷል። ሴቶች መንገድ ላይ ይመርቁኛል። ዓይንህን አጥፍቼ እመረቃለሁ!

ይህ ሁሉ የእናቴ ጡት ያመጣው ነው። እናትህ ሳሊሃ በወለደችህ ሳምንት ስትታመም እናቴ እኔን በግራ አንተን በቀኝ አድርጋ አንድ ዓመት አጠባችን። አገር ያውቃል። ለዚህም ነው ለፖሊስ ስሜን ያልጠራኸው። አንድ ጡት የጠባን ነን፣ ሥጋዬን አሳልፌ አልሰጥም ብለህ ነው። አንተ ግትር! ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ነህ፤ እኔ መስታወት እሰብራለሁ፣ አንተ ትገረፋለህ። ያኔ የተገረፍከው አንተው ነበርክ። ዛሬ ግን የምትገረፍልኝ አንተ አይደለህም፣ ደሳለው ነው።

ትናንት ሚስቱ ቀለሙ ስንቅ ይዛለት ስትሄድ የናንተ ዘመድ ጎረምሶች መንገድ ላይ ጠብቀው ክንዷን በድንጋይ ሰበሩት። ምግቡን ረገጡት። ጀማሉዲን ሽጉጥ ገዝቷል፤ ራሱ ነው ያሳየኝ፣ እንደ ወንድም አምኖኝ። ደሳለው ዓርብ በዋስ ይወጣል። ጀማሉዲን ከጣቢያው ደጅ ሳይርቅ ይገድለዋል። ከዚያ የካሉ ሰው ጀማሉዲንን ይገድላል። ከዚያ ደግሞ ማን እንደሚቀጥል አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ።

ለጀማሉዲንም ነግሬዋለሁ፣ እንዳትሞኝ። ሳቀ። "አንተማ ለሁላችን ትሞታለህ" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሀፊዝ፣ በዚህ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው ሲናገር የሚታመነው። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አበጋሮቹ አልጋህ ድረስ ይመጣሉ። "ማነው የመታህ?" ብለው ሦስት ጊዜ ይጠይቁሃል። በሦስተኛው ዝም ካልክ ነገሩ በደሳለው ላይ ይጸናል፤ እነሱም ከጉዳዩ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ከዚያ ጀማሉዲንን የሚይዘው የለም።

አፉ በለኝ አልልህም። አፉታ የሚጠየቀው እውነቱ ከወጣ በኋላ ነው፣ እሱም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አላውቅም። ሥራዬን ትናንት ለቅቄያለሁ። አቶ ደምለው "ቢሮውን ልታዋርደው ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ፤ የማነው ውርደቱ አልኩት። ሚስቴን ፋሲካንም ቁጭ አድርጌ ነግሬያታለሁ። ካገባኋት ጀምሮ እንዲያ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያመነችኝም እሷ ብቻ ናት።

ሐሙስ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ከኋላቸው እገባለሁ። ዓይንህ እንደታሸገ ስለሆነ እንዳለሁ እንድታውቅ እስላለሁ። መርማሪውን ፖሊስም እንዲመጣ ለምኜዋለሁ፣ ጀማሉዲን እኔን እንዳይገድለኝ ሳይሆን እጁ ላይ ደም እንዳይኖር። ሲጠይቁህ አትዘን፣ አታመንታ፣ እናቴንም አታስብ፤ እሷ ብትኖር ኖሮ ራሷ ጎትታ ታቀርበኝ ነበር።

ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ ዝቅ አድርገህ የጠራኸውን ስም፣ ሐሙስ ጮክ ብለህ ጥራው።

የመታህ ወንድምህ፣
ይስማው በላቸው