ቅቤ የተቀባ ፑሌጃ

ማክሰኞ

የጭነት መኪናው ፑሌጃ አልገባም አለ። ከጠዋት ጀምሬ ታገልኩት፤ ጫፉ ላይ ይደርስና ቀጥ። ፑሌጃው የሚሰካበት የሞተሩ ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ኦሪጅናል አይደለም፤ የፊተኛው ተሰብሮ ከደሴ የመጣ ሌላ ነው። ጫፉ ፀጉር ታህል ይወፍራል። ፑሌጃው ደግሞ የድሮው ነው፤ ከባድ ብረት፣ መሃሉ የጎማ ቀለበት ያለው። የሞተሩን ንዝረት የሚውጠው እሱ ነው። በደንብ ካልተቀመጠ ይኸኛውም ክራንክሻፍት መንገድ ላይ ይሰበራል።

ደስታ ሾፌሩ መዶሻ ይዞ ቆሟል። «በለው እንጂ አቦ! ሙሽራ ነው እንዴ የምታባብለው?» አለኝ። በመዶሻ ከተመታ ጎማው ይላቀቃል፣ ኩሽኔታውም ይጎዳል አልኩት። አኮረፈ። አልፈርድበትም። ትምህርት ቤቱ አጠገብ የተጠለለው የተራበ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ይህንን መኪና ነው። የእርዳታው እህል ያለው ደሴ ነው። እዚህ መካነ ሰላም የቀረው ለጥቂት ቀን ቢበቃ ነው።

ረቡዕ

እንቁጣጣሽ ነው ዛሬ። ሲዘፈን አልሰማሁም።

የኩራዝ ጥላሸት በዘይት ለውሼ የክራንክሻፍቱን ጫፍ ቀባሁ። ፑሌጃውን ገፋ፣ መለስ። ውስጡ የጠቆረበት ቦታ፣ የሚነካው እዚያ ነው ማለት ነው። እሱን ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መወልወል። እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና ውልወላ። ብዙ ከፋቅሁት ይላላል፤ ያን ጊዜ መላም የለኝ። ትከሻዬ ሊገነጠል ነው።

እማማ ዘይነብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉ። የልጅ ልጃቸውን ለይላን አዝለው ከከላላ በእግራቸው የመጡ ናቸው። ከቤተሰቡ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። «ልጄ፣ ይኼን ብረት ምን ነካው?» አሉኝ።

«ጠበበ እማማ።»

«አላህ ያስፋለት» አሉ። ሳቅሁ። ዛሬ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ንጉሡ ወረዱ። በሬዲዮ ተነገረ። ሻይ ቤቱ እስከ ደጅ ሞልቷል፤ ተማሪዎቹ ይጮኻሉ፣ ነጋዴዎቹ ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ጥለዋል። እኔም ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። ደስታ «አሁን መኪናው የማን ሊሆን ነው?» ይላል። ማን ያውቃል።

ስመለስ ፑሌጃው ያብረቀርቃል። ቅቤ! ውስጡ፣ ዙሪያው፣ ጎማው ሳይቀር በቅቤ ተለውሷል። እማማ ዘይነብ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሌሎቹ ሴቶች «አሚን» ይላሉ። ደሜ ፈላ። «ምን አደረጉት እማማ! ቅቤ እኮ ጎማውን ይበላዋል!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«ደግ የተመኙለት ነገር ቅቤ ይቀባል ብዬ ነው ልጄ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ቅቤውን ከየት እንዳመጡት አንዷ ሴት ነገረችኝ። ዘመዳቸው ለለይላ የሰጠቻቸው ነው። በጣታቸው እየነኩ ያልሷት ነበር። ሙልጭ አድርገው ብረቱ ላይ ጨረሱት።

በሳሙና አጠብኩት፣ እዚያው ፊታቸው። እሳቸው ዞር አላሉም። ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ። አፈርኩ፣ አዘንኩም።

ዓርብ

በርሜል ውስጥ ውሃ አፍልቼ ፑሌጃውን ነከርኩት። ብረት ሲሞቅ ትንሽ ሰፋ ይላል። የፑሌጃ መግጠሚያ መሣሪያ የለኝም። ረጅም ብሎን ፈልጌ ክራንክሻፍቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው አሰርኩ፤ የራሱ ብሎን አጭር ስለሆነ ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ ብሎኑ ላይ በተራ ፑሌጃው፣ ወፍራም ሮንዴላ፣ ዳዶ። ዳዶውን በመፍቻ ሳጠብቀው ፑሌጃውን ይገፋዋል፤ ቀስ፣ ቀስ። ደስታ ራሱ በጨርቅ ደግፎ ያዘልኝ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ገባ! እስከ ልኩ ገባ። አልሐምዱሊላህ።

ደስታ ጮቤ ረገጠ። እኔ ለእማማ ዘይነብ ልነግር ወደ መጠለያው ሮጥኩ። ለይላ በረሃብ ዝላ ዓይኗን አትገልጥም። የያዝኩትን ምሥራች እዚያው ዋጥኩት።

ቅዳሜ

ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሳ። እርሳስ ፑሌጃው ጠርዝ አጠገብ ይዤ አየሁ፤ አይዋልልም። እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ፤ አይንቀጠቀጥም። ደስታ በአጅባር አድርጎ ወደ ደሴ ሄደ። ሰኞ ይመለሳል፤ ጭቃው ካልያዘው፣ አዲሶቹ ሰዎችም እህሉን ካልከለከሉት።

እማማ ዘይነብ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ አጠገቤ ቆመው ሰሙ። ስለ ሐሙሱ ጩኸቴ አውፍ ይበሉኝ ልል ስል ቀደሙኝ።

«ሰኞ ይመጣል አልክ?»

«ኢንሻአላህ፣ እማማ።»

«ለይላስ እስከ ሰኞ ትቆይልኛለች?»

«አብሽሩ፣ ትቆያለች» አልኳቸው። አመኑኝ። መኪናውን ስላስነሳሁ ይህንንም የማውቅ መስሏቸዋል።