በእማዬ ጋን ውስጥ የደረቀችው ጀልባ

ጥር 20፣ ሰኞ። ከቀኑ 11 ሰ.

ሦስተኛ ፍቀት። ጣቶቼ ተላጡ፣ ጀልባዋ ግን አሁንም ሻካራ ናት። በእርጥብ ጨርቅ አብሳታለሁ፣ እንጨቱ ፀጉሩን ያቆማል። በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ። አብሳለሁ። እንደገና ያቆማል! ኤዲያ! ዋንዛ ገር እንጨት ነው ያሉኝ ጋሽ ያሲን እዚህ መጥተው ይዩልኝ።

ለካ ላንቺ አልነገርኩሽም፣ ደብተሬ። ጋሽ ያሲን ከጣቢያው ጀርባ የእንጨትና የቀለም ቤት አላቸው፣ የፉርጎ መስኮትና ወንበር ያድሳሉ። ወጣትነታቸውን ጅቡቲ ወደብ ላይ ጀልባ ሲቀቡ ነው የጨረሱት። ቀቢ እንደሚፈልጉ ሰምቼ ሄድኩ። ሴት ነሽ አላሉኝም። ከመደርደሪያ ክንድ የምታህል ጀልባ አወረዱ። ምሰሶ የላት፣ ሸራ የላት፣ ባዶ ቀፎ። ፋቂያት፣ ቀዳዳዋን ድፈኚ፣ ቀቢያትና የካቲት 9 አምጪልኝ አሉ። በርሜል ውሃ ላይ ያንሳፍፏታል። ጠብታ ከገባ፣ ወይ ቅቡ ላይ አንዲት አቧራ ካዩ፣ በቃ፣ ሥራው የለም።

አራት ዓመት ሙሉ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ጥጥ ተነፈስኩ። ሳስል ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ የምታወጣኝ ይቺ ጀልባ ብቻ ናት። እማዬ ደግሞ ቀለም የወንድ ሥራ ነው፣ የያዝሽውን ይዘሽ አርፈሽ ተቀመጪ ባይ ናት።

ጥር 22፣ ረቡዕ

የተልባ ዘይት ሁለቴ አጠጣኋት። የምስማር ቀዳዳውን በስቱኮ ደፈንኩ፣ ፋቅኩ። ሳፋ ላይ ሞከርኳት። ተንሳፈፈች! እልል ልል ስል አፍንጫዋ ውስጥ ረጠበ። እንጨቱ የተቆረጠበት ጫፍ ውሃ ይመጥጣል ለካ። ይህን የነገረኝ የለም። አሁን ማድረቅ፣ ዘይት፣ ማድረቅ፣ ዘይት። ቀኑ እየሄደብኝ ነው።

ጥር 26፣ እሁድ። ከቀኑ 6 ሰ.

አባዬን ዛሬ አላናግረውም!

አባዬ ባቡር ሲመጣ መንገዱን በሰንሰለት የሚዘጋ በረኛ ነው። የባቡሩን ሰዓት እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ቤታችን ከሃዲዱ ዐሥር እርምጃ። ስለዚህ ጠየቅኩት። የ4 ሰ. አልፏል፣ እስከ 9 ሰ. ምንም የለም፣ ቀቢ አለኝ። ቀባሁ። የመጀመሪያው ሰማያዊ፣ ሲያምር! 5 ሰ. ተኩል ላይ ዕቃ ጫኙ ባቡር ከች። ጣራው ተንቀጠቀጠ፣ የዓመት ጥቀርሻ እርጥብ ቀለሜ ላይ ወረደ። ብጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ያ ባቡር ሰሌዳው ላይ የለም። ጀልባዋን አፍንጫው ሥር አምጥቼ አሳየሁት። አቧራውን አየ። ባቡሩ የለም አለ።

ጥር 28፣ ማክ.

ድጋሚ ፋቅኩ፣ ድጋሚ ቀባሁ። ወለሉ ላይ ውሃ ረጨሁ፣ በሩን በአንሶላ ጋረድኩ። ባቡር አልመጣም። ዶሮ መጣች። ጀልባዋ አጠገብ ቆማ ክንፏን አራገፈች።

አለቀስኩ። ትልቅ ሴትዮ በዶሮ ስታለቅስ! በራሴ አፈርኩ፣ ግን አለቀስኩ።

ጥር 30፣ ሐሙስ

አገኘሁ! የእማዬ ትልቁ ጋን! ጓዳ ውስጥ ባዶውን ተገትሯል። ከናቷ የመጣላት ነው፣ ለማኅበር ጠላ ካልሆነ አታስነካውም። ታጥቦ የተቀመጠ፣ አቧራ የማያውቀው። ትናንት ከሥራ እንደገባሁ ሰማያዊውን ቀብቼ፣ በአፍንጫዋ አንጠልጥዬ አስገባኋት። ዛሬ ሳወጣት አንዲት ብናኝ የለባትም። አሁን ቫርኒሹን ቀብቼ መለስኳት። አፉን በሻሽ ሸፈንኩ። እማዬ ደብረ ዘይት እህቷ ዘንድ ናት፣ እሁድ ነው የምትመለሰው። እስከዚያ ማን ያያል።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ፊቴን አየሁባት! ባቡር ስንቴ አለፈ፣ ቅቧ ንክች አላለም። አቅፌያት ዞርኩ።

ጋኑ ግን ይሸታል። ከሥሩ ቫርኒሽ ተንጠባጥቧል። በቀለም ማቅጠኛ አሸሁት፣ ባሰበት። በሙቅ ውሃ አጠብኩት። ሸክላ አይደል፣ ጠጥቶታል። እኔ የእንጨት ቀዳዳ ስደፍን ሰንብቼ ሸክላ እንደሚጠጣ ረሳሁ! እግዚኦ።

የካቲት 3፣ እሁድ

እማዬ ጉንፋን ይዟት ተመለሰች። የዚህ ወር የቅ. ሚካኤል ማኅበር ተራው የሷ ነው። እንዴት ረሳሁት? ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጠበች፣ በወይራ አጠነች፣ ጠነሰሰች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጌሾ አቀብላለሁ። አፍንጫዋ ተዘግቷል፣ ምንም አልሸተታትም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁ። ብነግራት ጀልባዋን ምድጃ ውስጥ ነው የምትከታት፣ እኔም ፈትል ክፍል እቀራለሁ። ከ9 በኋላ እነግራታለሁ። ደግሞ ወይራው ሽታውን ያጠፋው ይሆናል።

እንዲህ እያልኩ ራሴን አሞኛለሁ።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ጋሽ ያሲን በርሜሉ ውሃ ላይ አስቀመጧት። ሻይ አስመጡና ቀስ ብለው ጠጡ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። አነሷት፣ ጣታቸውን ከተው ጥግ ጥጉን ዳሰሱ። ደረቅ! ወደ ፀሐይ ይዘው አገላበጧት። ቤትሽ ሃዲዱ ሥር አይደል እንዴ፣ አቧራውን የት አደረግሽው አሉኝ። እማዬ ጋን ውስጥ ነው ያደረቅኳት አልኩ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። እናትሽ ምን አለች? አታውቅም፣ ጠላ ጠንስሳበታለች አልኩ። ጠላው መቼ ነው የሚጠጣው? ማክ. አልኩ። በጣታቸው ቆጠሩ፣ ሦስት ቀን። ሙስሊም ናቸው፣ ጠላ አይቀምሱም። ግን ማቅጠኛ የነካው ነገር ሆድ ውስጥ አይገባም አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቀጥለው ሰኞ ሳምንት ሥራ ጀምሪ አሉ። ጀልባዋንም መታሰቢያሽ ብለው መለሱልኝ።

ሥራ አገኘሁ። እስቲ አንቺ ደስ ይበልሽ፣ ደብተሬ፣ እኔ አልቻልኩም።

የካቲት 10፣ እሁድ

አባዬ ከጠላው ቀመሰ። ጣሳውን ሲያነሳ አየሁት። አንዴ ጎንጨት አለና አስቀመጠው። ግሩም ነው አላት። እማዬ ፈገግ አለች። ዓይኑን አየሁት፣ ግሩም አልነበረም። ታዲያ ለምን ዋሸ?

የካቲት 11፣ ሰኞ። ከቀኑ 10 ሰ.

ዛሬ እማዬ ጉንፋኑ ለቀቃት። ቀመሰች። ሌላ ጣሳ ቀዳች፣ አሸተተች። ጌሾውን ጠረጠረች፣ ብቅሉን ጠረጠረች፣ ውሃውን ጠረጠረች። ጋኑን አልጠረጠረችም። አባዬን ጠርታ አፋጠጠችው። እሱም አመነ። ደንግጬ ነበር፣ አረጀች ብዬ አዝኜ ነው ግሩም ያልኩሽ አላት።

እማዬ የጓዳው ደፍ ላይ ቁጭ አለች። መዳፏን ገልብጣ አየችው። «እጄ ከዳኝ» አለች።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ለነገ ከጎረቤት ጠላ ልትለምን ነው። ለማኅበርተኞቹም ከእንግዲህ ተራዬን ዝለሉት ልትላቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሰፈሩ በሙሉ ያመሰገናት ሴት! ጎረቤት ሄዳ በውሰት ጠላ!

እኔ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። አታፍሪም በይኝ። ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ ቀለም አለ፣ ስምንት ቀን ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ብነግራት ጋኑ እንደ ድሮው አይመለስም። ከቀለም ቤቱ ብትከለክለኝ ትከልክለኝ። ጀልባዋን ምድጃ ውስጥ ብትከታት ትክተታት። ይዣት ልወጣ ነው፣ ውስጧን ታሽትተው፣ ጋኑንም ታሽትተው፣ ያኔ ይገባታል።

ነጠላዋን እያጣፋች ነው። በሩ ጋ ደርሳለች። እማዬ፣ ቆይ! እጅሽ አልከዳሽም፣ የከዳሁሽ እኔ…